የሰው አካል መለኪያን ሳይጨምር

«ሶፍትዌር» ብሎ ጽፎ የሚመጣ ደንበኛ ደሜን ያፈላዋል። ምን የሚሠራ ሶፍትዌር? እህል የሚመዝን ነው፣ ጥርስ የሚነቅል ነው፣ አውሮፕላን የሚያሳርፍ ነው? የንግድ ምልክት ማስመዝገብ ማለት ስሙን አንስቶ ኪስ መክተት አይደለም። ስሙ በምን ዕቃ ላይ እንደሚለጠፍ በጽሑፍ መናገር አለባችሁ። ጫማ ከሆነ «ጫማ» ብላችሁ ትገላገላላችሁ። ፕሮግራም ግን አይታይ፣ አይጨበጥ፤ ዛሬ ሂሳብ ሲደምር የነበረው ነገ ፎቶ ያነሣል። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ የዕቃ መግለጫ የምትባል ባዶ ሣጥን አለች። እዚያ ውስጥ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራና ለማን እንደሚሠራ ቁልጭ አድርጋችሁ ካልጻፋችሁ የንግድ ምልክት መዝገብ ቤቱ ወረቀቱን «ይብራራ» ብሎ ይመልስላችኋል።

የእኔ ሥራ ያቺን ሣጥን መሙላት ነው። የንግድ ምልክት ወኪል ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ከመዝገብ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል አለችኝ። መዝገብ ቤቱ ውስጥ እናት አባቴ ያወጡልኝን ስም የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው፤ «አንድ ዙር» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ጥበቃው ሳይቀር በጣቱ ይጠቁማችኋል። ማመልከቻዬ በመጀመሪያው ዙር ስለሚያልፍ ያወጡልኝ ስም ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም «ይብራራ» አልተጻፈብኝም ነበር። እውነቱን ልናገርና በዚህ እንደ ጉድ እኮራ ነበር። ሌሎቹ ወኪሎች ማመልከቻውን ከሚያየው የመዝገብ ቤቱ መርማሪ ጋር ለወራት ደብዳቤ ሲወራወሩ ሳይ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

ምሥጢሩ መቁረጥ ነው። ደንበኛው አሥር ነገር ዘርዝሮ ይመጣል፤ እኔ የመርማሪውን ዓይን የሚቆረቁሩትን ስምንቱን አወጣለሁ፤ ሁለቱ ኮሽ ሳይል ያልፋሉ። ደንበኛው ቅር ካለው «የቀረውን ወደፊት እናያለን» እለዋለሁ። ወደፊት የሚባል ነገር የለም። ከገባ ማመልከቻ ላይ መቀነስ ይቻላል፤ መጨመር ግን ክልክል ነው። የጎደለውን የፈለገ ሰው እንደ አዲስ ያመለክታል፤ እስከዚያ ሌላው ቀድሞት ከሆነ ጣቱን ይነክሳል።

ታናሽ እህቴ ቤተሰቡ ውስጥ «ጅምር» ትባላለች። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ሹራብ ጀምራ እጅጌው ላይ ተወችው። የመንጃ ፈቃድ ጀምራ የጽሑፉን ፈተና ካለፈች በኋላ ቀረች። የሂሳብ አያያዝ ትምህርት ስድስት ወር ተምራ ሰለቸኝ አለች። ልብስ ስፌት ድርጅት ጨርቅ ቆራጭ ሆና ስትቀጠር ደግሞ ዓመት አትሞላም ብዬ ለእናታችን በሙሉ አፌ ነግሬያት ነበር። ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሞላት። እኔ ግን በዚያ ስም መጥራቴን አልተውኩም። ምን ታደርጉታላችሁ፣ አንዴ አፍ ከለመደው በኋላ ልክ ነው አይደለም ብሎ የሚመረምር የለም።

ከሦስት ዓመት በፊት ቢሮዬ መጣችና ፕሮግራም ሠርቻለሁ አለችኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ላፕቶፗን ከፍታ አሳየችኝ። የልብሱን ክፍሎች፣ እጅጌውን፣ ኮሌታውን፣ ጀርባውን፣ ጨርቁ ላይ ብጣሽ በማይባክንበት መንገድ ይደረድራቸዋል። ከኢንተርኔት ራሷን አስተምራ ነው የሠራችው። ስሙን «ልክክ» ብላዋለች። ስንት ስም አይቻለሁ፤ እንደዚህ አፍ ላይ የሚጣፍጥ ግን ጥቂት ነው። ልብስ ሰውነቱ ላይ ልክክ ሲልለት የማይወድ ማን አለ?

የያዘችው ወረቀት ላይ ፕሮግራሙ የሚሠራቸውን ነገሮች አሥራ አንድ አድርጋ ቆጥራለች። በዚያን ጊዜ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ሐሳብ ነበር። ከሁሉ የምትወደው ሰባተኛውን ነው፤ ሰው ስልኩ ካሜራ ፊት ይቆማል፣ ፕሮግራሙ የትከሻውን፣ የደረቱንና የወገቡን ልክ ይወስዳል፣ ሰፊው ዘንድ ሳይሄድ ልብሱ ይሰፋለታል። ስለ ሰባተኛው ስታወራ እጇ አያርፍም፤ ጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን ወረቀቶች ሁሉ አተረማመሰቻቸው።

ሕጉ ሐሳብን ይፈቅዳል። ከልብ ልትሠሩት ያሰባችሁትን መጻፍ ትችላላችሁ። እንቅፋቱ ሌላ ነበር። ሚዛንና ሜትር የሚሸጥ አንድ የቆየ ድርጅት «ልክ» የሚል ምልክት ለመለኪያ መሣሪያዎች አስመዝግቦ ነበር። መርማሪው የእኛን መለኪያ ከዚያኛው አጠገብ ሲያይ «ይመሳሰላሉ» ማለቱ አይቀርም። መልስ መጻፍና መከራከር ይቻል ነበር፤ ደግሞም እናሸንፍ ነበር። ግን ሦስት ወር፣ ቢበዛ አራት ወር ይፈጃል፤ በስሜም ላይ አንድ «ይብራራ» ይመጣል። ስለዚህ አሥሩን ሰረዝኩና አንዱን አሳምሬ ጻፍኩ፤ «በልብስ ስፌት ድርጅቶች ውስጥ የልብስ ክፍሎችን በጨርቅ ላይ ለመደርደር የሚያገለግል የኮምፒውተር ፕሮግራም»። መርማሪው ጭራሽ ጥርጣሬ እንዳይገባው ደግሞ ጫፉ ላይ አራት ቃል ጨመርኩ፤ «የሰው አካል መለኪያን ሳይጨምር»።

ጅምር አነበበችውና ሰባተኛውስ አለችኝ። ወደፊት እናያለን አልኳት። አራቱን ቃላት የሕግ ቋንቋ አድርጋ ነው ያየቻቸው፤ እኔም እንደመሰላት ተውኩላት። «እሺ ጋሼ» ብላ ፈረመች። በሃያ ስድስት ቀን አለፈ፤ ሻይ ጋበዘችኝ።

አሁን ወደዚህ ዓመት ልምጣ። የንግድ ምልክት ጋዜጣ ሰኞ ጠዋት ይወጣል፤ እኔ ሌላው ሰው የኳስ ውጤት እንደሚያነበው ነው የማነበው። ፕሮግራሞች የሚመደቡበት ዘጠነኛው ክፍል ላይ ስደርስ «ልክክ» የሚል አየሁ። የእኛ መሰለኝ። ከሥር ያለውን መግለጫ ሳነብ ግን «በስልክ ካሜራ የሰውን የሰውነት ልክ ለመውሰድ የሚያገለግል የኮምፒውተር ፕሮግራም» ይላል፤ አመልካቹም ስሙን ሰምቼው የማላውቅ አንድ ትልቅ ድርጅት ነው። ጆሮዬ ጭው አለ። ማመልከቻው የገባው ከሰባት ወር በፊት ነው። ሚዛን ሻጩም ምልክቱን ሳያድስ ቀርቶ ከመዝገብ ወጥቷል፤ ሜዳው ባዶ ነበር።

ምን አስደነገጠህ ብትሉኝ፣ ጅምር ሰባተኛውን ጨርሳዋለች። ከአምስት ወር በፊት ጨርሳው አሥራ አንድ የልብስ ስፌት ድርጅቶች እየሠሩበት ነው። አንድ በኢንተርኔት ልብስ የሚሸጥ ትልቅ ነጋዴ ደግሞ መለኪያውን ለደንበኞቹ ሁሉ ሊያቀርብላት ተስማምቶ ውሉ የሚፈረመው በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነበር። እሷም ተማምና ለአሠሪዋ የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገብታለች። ከዚያች ሰኞ አንድ ቀን በፊት እናታችን ቤት ይህን ስትነግረን ፊቷ በርቶ ነበር፤ የነጋዴው ጠበቃ የምዝገባ ምስክር ወረቀቷን እንደወሰደና እሱን ብቻ አይተው እንደሚፈርሙ ነገረችን። እኔም ጎሽ ብዬ ምሳዬን በላሁ። አራቱ ቃላት ጨርሶ ትዝ አላሉኝም።

ጋዜጣውን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ። ዋና መርማሪዋ ለጡረታ የተቃረቡ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መልሰው የሚፈልጉ ሴትዮ ናቸው። ነገሩን ነገርኳቸው። የጥንቱ ምዝገባ ላይ መለኪያውን መጨመር እንደማይቻል አውቃለሁ፣ ግን የዚያኛውን ድርጅት ማመልከቻ ብቃወምስ አልኳቸው፤ ስሙ አንድ ነው፣ ሁለቱም ፕሮግራም ነው፣ ሁለቱም ለልብስ ነው። ፋይላችንን ከፈቱና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት።

«ልጄ፣ ይህን አንፈልግም ብለህ የጻፍከው ራስህ ነህ» አሉኝ። «እኛ አልጠየቅንህም። ያልፈለግከውን ሌላ ሰው ቢወስደው በምን አፍህ ትቃወማለህ?»

አዘኑልኝ መሰለኝ፤ ብዙ ወኪሎች እንዲህ ሲገጥማቸው መርማሪዎቹ አስገድደውን ነው እያሉ እንደሚወጡት፣ መዝገብ ቤቱም ሲረገም ስለኖረ አንድ ተራጋሚ ቢጨመርበት እንደማይከብደው ነገሩኝ። ለማጽናናት ያሉት ቀልድ ነው። እኔ ግን ደረጃውን ስወርድ ቀልዱን ይዤው ወረድኩ።

እህቴ የምትሠራበት ድርጅት በታክሲ ሃያ ደቂቃ ነው። የመቁረጫው ክፍል ርዝመቱ አንድ ሰፊ አዳራሽ ያህላል፤ መሐሉ ላይ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ እርስ በርሱ የተነባበረ ሰማያዊ ጨርቅ፣ ከላዩ የኤሌክትሪክ መቁረጫው። አየሩ ሁሉ የጨርቅ ብናኝ ነው፤ ገና ስገባ አስነጠሰኝ። ጅምር ጠመኔ ጆሮዋ ላይ ሰክታ አንዱን ጫፍ ታስተካክላለች። ስታየኝ ሳቀች። ጠበቃው ጠዋት ደውሎ እንደነበር ነገረችኝ። ምስክር ወረቀቱን አንብቦ «መለኪያን ሳይጨምር ይላል፤ ታዲያ መለኪያው የማን ነው፣ ከማን ወሰድሽው?» ብሎ አፋጥጧታል።

«ሌባ መሰልኩት እኮ» አለችኝ እየሳቀች። «ጋሼ፣ አንተ አስረዳልኝ። እኔ የሕጉን ነገር አላውቀውም።»

እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ መርማሪዎቹ ናቸው አልኳት። ያኔ የሚመሳሰል ምልክት አለ ብለው፣ መለኪያውን ካላወጣችሁ አናሳልፍም ብለው ወጥረው ይዘውን ነው አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምንም አልከበደኝም፤ ይህ ነው እስካሁን የሚገርመኝ። እሷም ወዲያው አመነች። እንዲያውም ደስ አላት።

«በቃ ያኔ የጻፉልህን ደብዳቤ ስጠኝና ለጠበቃው ልላክለት። እሱን ካየ ያምነኛል» አለችኝ።

ደብዳቤ የለም። በአንድ ዙር ያለፈ ማመልከቻ ደብዳቤ ከየት ያመጣል? ጠፍቷል ልበል፣ ቢሮ ነው ልበል፣ እያልኩ ሳመነታ እጇን ለመቀበል ዘርግታ ቀረች። አርባ አራት ዓመት የማውቀው እጅ ነው። ሐሙስ ያ ጠበቃ እንደ ሌባ ቆጥሯት ባዶ እጇን ሊሰዳት ነው፤ የለቀቀችው ሥራ ላይም ሌላ ሰው ይገባበታል። አንድ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጥኩ።

ሁሉንም ነገርኳት። መርማሪ እንዳልጠየቀኝ፣ አራቱን ቃላት ከራሴ አውጥቼ እንደጨመርኩ፣ ወደፊት እናያለን ያልኳት ውሸት እንደነበር፣ አሁን ስሙን ለመለኪያው የሚወስደው ሌላ ድርጅት እንደሆነ ነገርኳት። ጋዜጣውንም ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። ቀስ ብላ ጠመኔውን ከጆሮዋ አወረደች።

«ብትከራከራቸው ስንት ጊዜ ይፈጅ ነበር?» አለችኝ።

«ሦስት ወር። ቢበዛ አራት።»

«ሦስት ወር መጠበቅ አቅቶህ ነው?»

አዎ ብላት ይሻለኝ ነበር። ቸኩዬ ነው፣ ስሜ እንዳይጎድፍ ብዬ ነው ብላት ግማሹ እውነት ነው። ግን እውነቱን መናገር አንዴ ጀምሬዋለሁ።

«የምትጨርሺው አልመሰለኝም» አልኳት።

አልጮኸችም። ብትጮህ እሸሽ ነበር። ከመቁረጫው ባሻገር ግድግዳው ላይ ያቺ ምስክር ወረቀት በመስታወት ተደርጋ ተሰቅላለች፤ ለካ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እዚያ ነበረች። ወደ እሷ ዞረች።

«ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ጠዋት ጠዋት ስገባ አያታለሁ» አለች። «ሲደክመኝ አያታለሁ። አልጨርስም ብለህ በማኅተም አስመትተህ የሰጠኸኝን ነው ለካ የሰቀልኩት።»

ጋሼ አላለችኝም። ይቅርታ አልኳት፤ ይቅርታው እዚያ ክፍል ውስጥ ከብናኙ ጋር ሲንሳፈፍ ታየኝ፤ የትም የሚያርፍ አይመስልም። በራሴ አርማ ባለው ወረቀት ለጠበቃው እጽፍለታለሁ አልኳት። ፊቷን ሳታዞር «ጻፍ» አለችኝ።

ያን ቀን ከሰዓት ጻፍኩት። በሥራ ዘመኔ ከጻፍኳቸው ሁሉ ግልጽ የሆነው መግለጫ እሱ ነው። የመለኪያው ፕሮግራም ባለቤት እህቴ እንደሆነች፣ ከማመልከቻው በፊት ባመጣችው ዝርዝር ላይ ሰባተኛ ሆኖ ሰፍሮ እንደነበር፣ ማንም ሳይጠይቀው ያወጣው ወኪሉ እንደሆነና ምክንያቱም እህቱ ትጨርሰዋለች ብሎ ባለማመኑ እንደነበር ጻፍኩ። ዝርዝሯን ከፋይሌ አውጥቼ አያያዝኩት። ፈረምኩ፣ ማኅተሜን መታሁ፣ ራሴ ወስጄ ለጠበቃው ሰጠሁት። ጠበቃው ሁለት ጊዜ አነበበውና ቀና ብሎ አየኝ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጽፍ ወኪል አላየሁም አለኝ። ማሞገሱ እንዳልሆነ ገባኝ፤ እሱና ባልደረቦቹ በዓመት ስንት ምልክት እንደሚያስመዘግቡ፣ ወኪልም ሲመርጡ ማንን እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። ወሬው በሁለተኛው ሳምንት ሕንፃችን ደረሰ። ሦስት ደንበኞቼ ፋይላቸውን ወሰዱ። የአሳንሰር ውስጥ ሰላምታም አጠረ።

ውሉ ሐሙስ አልተፈረመም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ተፈረመ፤ ጠበቃው ፕሮግራሙ የራሷ መሆኑን ስላመነ ስሙ ተቀይሮ እንዲቀጥል ተስማሙ። «ልክክ» ለመለኪያው የዚያኛው ድርጅት ሆነ። እህቴ አሥራ አንዱንም የልብስ ስፌት ድርጅቶች እየዞረች ስሙ መቀየሩን ነገረቻቸው። ለምን እንደተቀየረ ሲጠይቋት የወረቀት ስህተት ነው አለቻቸው እንጂ የእኔን ስም አላነሣችም። ይህን የሰማሁት ከአንዱ ድርጅት ባለቤት ነው፤ ስሰማም ብትሰድበኝ ከሚያመኝ በላይ አመመኝ።

አዲሱን ስም ማን እንደሚያስመዘግብላት አልጠየቅኳትም፤ እሷም ለእኔ አላመጣችውም። ከእኔ በታች ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ወጣት ወኪል አለች። ማመልከቻዋ ሁሉ ሦስት አራት ዙር የሚመላለስባት፣ ከመርማሪ ጋር ስትከራከር ድምጿ እስከ ደረጃው የሚሰማ፣ እኔ ለዓመታት የቀለድኩባት ልጅ ናት። እህቴ ሥራውን ለእሷ ሰጠቻት።

ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ እናታችን ቤት ተገናኘን። እህቴ አላኮረፈችም፤ ኩርፊያ አታውቅበትም። ሰላም አለችኝ፣ ወንበር ሳበችልኝ። እናታችን የምልክቱ ነገር እንዴት ሆነ ብላ ስትጠይቃት እያጎረሰቻት መለሰችላት። ወኪሏ ዘንድ ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደቆየች፣ ልጅቷ ፕሮግራሙ ዛሬ የሚሠራውን ከጻፈች በኋላ «ከዚያስ? የዛሬ ዓመትስ ምን እንዲሠራ ትፈልጊያለሽ? ከዚያ በኋላስ?» እያለች እንዳደረቀቻት ነገረቻት።

«በመጨረሻ አፌ ደረቀ» አለች እህቴ። «እንደዚህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ መልሱን አላዘጋጀሁትም ነበር።»

እኔን ለመውጋት አልነበረም ያለችው። ሳህኑን ወደ እናታችን እያስጠጋች እንዲሁ በወሬ መሐል ያለችው ነው። እናታችን ዓይኗን እኔ ላይ ጥላ ነበር፤ የሆነ ነገር እንደተፈጠረ ካወቀች ቆይታለች፤ ጠይቃን ግን አታውቅም። ወደ እህቴ ዞርኩ።

«ከዚያስ?» አልኳት። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። እየቀለድኩባት እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን ረጅም ጊዜ መረመረችው። ከዚያ እጇን አብሳ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆና ጭልፋ ወደ ዳር ገፋችና፣ መለኪያው የብዙ ሰው ልክ ሲያጠራቅም ምን እንዲሠራ እንዳሰበች መናገር ጀመረች። እጇ አላረፈም። ግማሹ አልገባኝም፤ ግን አላቋረጥኳትም፤ ምሳውም ቀዘቀዘ።